ፍሎትን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፈንክሽን በምን ዓይነት ቴስት ይታመናል?

ጠያቂ (ኮዬ ፈጬ)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ገላን አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ ወርክሾፕ ውስጥ፣ እስከ 150 ኪሎ የሚመዝኑ የመጋዘን ዲጂታል ሚዛኖችን በመገጣጠም ነው። የሚዛኑ ቺፕ ማኅደረ ትውስታ ጠባብ ስለሆነ የተለመደውን ፕሪንትኤፍ (ቁጥርን በጽሑፍ የሚያትመውን የሲ ቋንቋ ፈንክሽን) መጠቀም አልቻልኩም፤ ስለዚህ ባለ 32 ቢት ፍሎትን (ኮምፒውተር ነጥብ ያለውን ቁጥር የሚይዝበትን ቅርጽ) ከነጥብ በኋላ በሁለት አሃዝ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ ራሴ ጻፍኩ። በ1.50፣ በ12.34፣ በ75.25 እና በሌሎች 40 ያህል ቁጥሮች ፈተንኩት፤ ሁሉንም አለፈ።

ሚዛኑ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ደንበኛ 3 ኪሎ ከ50 ግራም ምስማር ሲያስመዝን 3.5 የሚል ንባብ ታየ። ከነጥብ በኋላ ከ5 በፊት መግባት የነበረበትን ዜሮ ረስቼው ኖሯል። ሰውየው ላልወሰደው 450 ግራም ሊከፍል ነበርና ነገሩ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ያን ስሕተት አርሜዋለሁ፤ ነገር ግን ያላየሁት ሌላ ስሕተት አለመኖሩን በምን አረጋግጣለሁ?

መልስ (ሰበታ)

ወንድሜ፣ አርባዎቹን ቁጥሮች የመረጠው ኮዱን የጻፈው ያው አእምሮ ስለሆነ፣ ኮዱ ሲጻፍ ያልታሰበው ነገር በቴስቱም ላይ አልታሰበም። የእርስዎ ሚዛን ከ0.00 እስከ 150.00 ድረስ የሚያሳያቸው ንባቦች 15,001 ብቻ ናቸው፤ ይህን ያህሉን ኮምፒውተር በቅጽበት ስለሚጨርሰው መምረጥ አያስፈልግም፣ ሁሉንም ይፈትኑ።

ሁለት ስሕተቶችን ግን አሁኑኑ ይመልከቱልኝ። አንደኛው 9.996 ነው። ክፍልፋዩ ተጠጋግቶ 100 ሲሞላ አንዱ ወደ ሙሉ ቁጥሩ ካልተሻገረ፣ የመጀመሪያው አሃዝ 10 ይሆንና ለየፊደሉና ለየምልክቱ ቁጥር በሚሰጠው በአስኪ ሠንጠረዥ ከ9 ቀጥሎ ያለው ምልክት ይታተማል፤ ንባቡም 10.00 በመሆን ፈንታ 9.:0 ይሆናል። ሁለተኛው −0.05 ነው። የጆንያው ክብደት ተቀንሶ ጆንያው ከሚዛኑ ሲነሣ ንባቡ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ምልክቱን ከሙሉ ቁጥሩ ላይ የሚያነብ ኮድ ደግሞ ሙሉ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን የመቀነስ ምልክቱን ይጥለዋል።

እውነተኛው ችግር ያለው በማጠጋጋት ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡት። 2.675 በፍሎት ውስጥ በትክክል አይቀመጥም፤ የሚቀመጠው በጥቂቱ የሚያንሰው 2.67499995 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው ንባብ 2.67 ነው። ብዙዎቻችን እንደምናደርገው በ100 አባዝተው 0.5 ቢጨምሩ ግን ማባዛቱ ራሱ ወደ 267.5 ያጠጋጋውና 2.68 ያገኛሉ። በመሆኑም በየሁለቱ ንባቦች መካከል ያለውን አጋማሽ፣ ከእርሱ በፊትና በኋላ ያሉትን የቅርብ ፍሎቶች ጨምረው ይፈትኑ። ከ15,000ዎቹ አጋማሾች በፍሎት በትክክል የሚቀመጡት በ.125፣ በ.375፣ በ.625 እና በ.875 የሚያልቁት 600 ብቻ ናቸው። በእነዚህ ላይ ወደ ላይ እንደሚያጠጋጉ ወይም ወደ ተጋማሽ (ለ2 ያለ ቀሪ ወደሚካፈል) አሃዝ እንደሚሄዱ አስቀድመው ወስነው ይጻፉት፤ የሊኑክሱ ፕሪንትኤፍ 0.125ን 0.12፣ 0.375ን ደግሞ 0.38 አድርጎ የሚያትመው ሁለተኛውን ደንብ ስለሚከተል ነው።

የሚጠበቀውን መልስ በዚያው በፍሎት ስሌት አያውጡት፤ ኮዱም ቴስቱም አብረው ይሳሳታሉና። በፓይተን ቋንቋ ያለው ዴሲማል የተባለው የቁጥር ዓይነት የፍሎቱን ትክክለኛ ዋጋ ሳያጎድል ስለሚይዝ መመዘኛዎን ከእርሱ ይውሰዱ።

መልስ (ለገጣፎ)

ከላይ የተሰጠው ምክር ለሚዛኑ መስኮት ትክክል ነው። ንባቡን ወደ ኮምፒውተር በጽሑፍ የሚልኩና እዚያ መልሰው ወደ ፍሎት የሚቀይሩት ከሆነ ግን መመዘኛው ይለያል፤ የወጣው ጽሑፍ ተመልሶ ሲነበብ በቢት ደረጃ ያንኑ ቁጥር መስጠት አለበት። ለዚህ ለባለ 32 ቢት ፍሎት 9፣ ለደብል (ለባለ 64 ቢቱ ፍሎት) ደግሞ 17 ጉልህ አሃዞች ሁልጊዜ ይበቃሉ። ባለ 32 ቢት ፍሎት ያለው አማራጭ 4,294,967,296 ብቻ ስለሆነ አንዱ ቅየራ 100 ናኖሰከንድ ቢወስድ ሁሉንም ለመፈተን የሚፈጀው ሰባት ደቂቃ ያህል ነው፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ የላፕቶፕ ባትሪ ይጨርሰዋል።

ደብልን እንዲህ መጨረስ ስለማይቻል በዘፈቀደ መምረጥ ግድ ይላል፤ እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከ0 እስከ 1 በዘፈቀደ ከሚወጡት ቁጥሮች ግማሾቹ ከ0.5 በላይ በመሆናቸው፣ እጅግ ትናንሾቹና እጅግ ትላልቆቹ ሳይነኩ ይቀራሉ። በዘፈቀደ መውጣት ያለባቸው 64ቱ ቢቶች ናቸው። የሁለት ርቢዎችን (2፣ 4፣ 8 እያሉ የሚቀጥሉትን) እና ጎረቤቶቻቸውንም ለብቻ ይጨምሩ፤ በዚያ ቦታ ወደ ታች ያለው ርቀት ወደ ላይ ካለው ግማሽ ስለሆነ፣ ተመልሶ ሲነበብ ያንኑ ቁጥር የሚሰጠውን አጭሩን ጽሑፍ የሚፈልጉ ፈንክሽኖች የሚስቱት በተለይ እዚያ ነው።

ለእርስዎ ሚዛን ግን የቢት ዘፈቀደን አልመክርም። ከ0 እስከ 150 ካሉት 1.125 ቢሊዮን ያህል ፍሎቶች አንድ ቢሊዮኑ ከ5 ግራም በታች ስለሆኑ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቴስትዎ 0.00ን ደጋግሞ ያያል።

መልስ (ቡራዩ)

ክብደቱን ከመጀመሪያው በግራም፣ በሙሉ ቁጥር ቢይዙት ይሻላል ባይ ነኝ። ነጥቡ በሚታተምበት ጊዜ ብቻ ይግባ። የተሻገረው አሃዝና የመቀነስ ምልክቱ ያኔም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ የ2.675 ዓይነት ጣጣ ግን አይኖርም።

ጠያቂ (ኮዬ ፈጬ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። 15,001ዱን ንባቦችና አጋማሾቻቸውን ከነጎረቤቶቻቸው፣ ከዜሮ በታች ያሉትንም ጨምሬ ሌሊቱን ፈተንኩ። 9.996 በእርግጥም 9.:0 ሆኖ ወጣ፤ 2.675ም 2.68 ሆነ። ማንም ያልጠቀሰው አንድ ስሕተትም ተገኘ፦ −0.003 ሲገባ −0.00 ይታተማል፤ ምክንያቱም ምልክቱን የማየው ከማጠጋጋቱ በፊት ነበር። አሁን ካጠጋጋሁ በኋላ ሁሉም አሃዝ ዜሮ ከሆነ ምልክቱን እንዲተወው አድርጌዋለሁ። ቀጣዩን ሚዛን በግራም ልሠራው ወስኛለሁ፤ መጋዘን ውስጥ ያሉትን ሦስቱን ግን በዚህ ሳምንት እየዞርኩ አዲሱን ኮድ እጭንባቸዋለሁ።