የ15 ደቂቃ ገለጻ አለብኝ፤ ከ34 ስላይድ የትኛውን ልጣል?

ጠያቂ፣ ከሜጫ፦
ጤና ይስጥልኝ። የወረዳ ግብርና ባለሙያ ነኝ። በሚመጣው ወር ባሕር ዳር ላይ ስለ አሲዳማ አፈርና አሲዳማነቱን ስለሚቀንሰው ኖራ ገለጻ አቀርባለሁ። የተሰጠኝ 15 ደቂቃ ሲሆን ያዘጋጀሁት 34 ስላይድ ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነቱ መለኪያ)፣ የአሉሚኒየም ጉዳት፣ የፎስፈረስ መታሰር፣ የየቀበሌው ሠንጠረዥ፣ የቀረ ነገር የለም። አምና ይህንኑ የመሰለ አቅርቤ ስጨርስ አንድ ኃላፊ «በጣም ጥሩ ነው፤ ታዲያ ምን እናድርግልህ?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። አዳራሹ ሳቀ። ዘንድሮ እንዳይደገም ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ኃላፊው የጠየቁህን አንተው ቀድመህ ራስህን መጠየቅ ነበረብህ። ኮምፒውተሩን ዝጋና አንድ ወረቀት ላይ «ከአዳራሹ ሲወጡ እንዲያደርጉልኝ የምፈልገው» ብለህ ጀምር፤ ዐረፍተ ነገሩን ጨርሰው።

እኔ በልጅነቴ ጎንጅ ቅኔ ቆጥሬአለሁ። የኔታ ጀማሪውን ወደ መወድስ አይሰዱትም፤ በጉባኤ ቃና ያስጀምሩታል፣ ሁለት ቤት ብቻ። በሁለት ቤት ሐሳቡን መቋጠር ያቃተው ተማሪ የመወድስ ስምንት ቤት ቢሰጡት ጭራሹን ይጠፋል። ያንተ 34 ስላይድ ጉባኤ ቃና ሳይሞሉ መወድስ መጀመር ነው። በአንድ ነገር ግን ከቅኔው ተለይ። ቅኔ ወርቁን በሰም ይሸፍናል፤ አንተ ወርቁን በመጀመሪያው ደቂቃ አውጣው። ኃላፊ ሰም ሲፈታልህ አይውልም።

ጠያቂ፦
እሺ ጋሼ፣ ሞክሬአለሁ። «የአፈር አሲዳማነት በአካባቢያችን ከፍተኛ ችግር በመሆኑ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።»

ቃለ ጉባኤ ያዥዋ፦
«ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደጻፍሁት እኔ ነኝ የማውቀው! ሁሉም ይስማማበታል፣ ማንም አይሠራበትም። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ? ወንድሜ፣ ለመሆኑ እንቅፋቱ ምንድን ነው? ኖራ ጠፍቶ ነው፣ ገበሬው አልፈልግም ብሎ ነው ወይስ ሌላ?

ጠያቂ፦
ዘግይቶ እየመጣ ነው። ኖራ ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። በቆሎ እኛ ዘንድ ግንቦት መጨረሻ ላይ መዘራት ይጀምራል። ኖራው ሰኔ ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ መኪናው አስፋልቱ ዳር አራግፎ ይመለሳል።

ቃለ ጉባኤ ያዥዋ፦
ይኸው፣ ገለጻህን ጻፍኸው እኮ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ከዳንግላ፦
ሠንጠረዡን ተወውና አንድ ማሳ አሳያቸው። እኛ ቀበሌ የታዘዘው በሄክታር 32 ኩንታል ነበር፤ ለአንድ ጥማድ 8 ኩንታል ማለት ነው። አህያ በአንድ ጊዜ ግማሽ ኩንታል ብትሸከም 16 ጭነት። አንዲት እማወራ በአንዲት አህያ ሦስት ቀን በጭቃ ስትመላለስ አይቻለሁ። በአራተኛው ቀን ዝናቡ አስፋልት ዳር የቀረውን ከነከረጢቱ አርሶ አጋገረው። «32 ኩንታል በሄክታር» ብትላቸው ማስታወሻ ይጽፋሉ። «16 ጭነት በጭቃ» ስትል ግን ቀና ብለው ያዩሃል።

ተጠራጣሪው፦
ታሪኩን አልጠላሁትም፤ ግን ብቻውን አታቁመው። አንዱ ተነሥቶ «ይህ የአንድ ሰው ችግር ነው» ካለ አለቀልህ። ወዲያው ከሥሩ ከወረዳህ መዝገብ አንድ ቁጥር አስከትል፦ አምና ኖራ ከዘር በኋላ የደረሳቸው አባወራዎች ስንት ናቸው? አንድ ቁጥር ብቻ። ፒኤችን ካነሣህ 4.8 እና 5.8 ብለህ አትለፍ። ለሰሚው ትንሽ ልዩነት ይመስለዋል፤ የ4.8ቱ አሲዳማነት ግን የ5.8ቱ አሥር እጥፍ ነው። ለፎስፈረሱ «ገበሬው ከፍሎ የገዛውን ማዳበሪያ አፈሩ ይቆልፍበታል» በል፣ ይበቃል። ደግሞ የዳንግላዋን እማወራ ሜጫ እንዳታመጣት። የራስህን ሰው ፈልግ፣ አስፈቅድም።

ጠያቂ፣ ከሳምንት በኋላ፦
እግዜር ይስጥልኝ። 34ቱ ስላይድ 6 ሆነዋል። የቀሩትን በወረቀት አትሜ ለሚጠይቅ እይዛለሁ። ሰውም አግኝቻለሁ፣ ፈቅደውልኛል። መግቢያዬ ይህ ነው፦

«አንድ አባወራ አምና በሰኔ 8 ኩንታል ኖራ ተረከቡ። በቆሎአቸው ግን ቀድሞ በቅሎ ነበር። ኖራው ዛሬም ጓሯቸው ውስጥ ተቆልሏል፤ ዶሮ ይተኛበታል። የመጣሁት አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። የዘንድሮው ኖራ እስከ መጋቢት 30 ቀበሌ መጋዘን ይግባ።»

ቃለ ጉባኤ ያዥዋ፦
ይህንን አንድ ቃል ሳልለውጥ እጽፈዋለሁ። መብራት ቢጠፋስ?

ጠያቂ፦
ትናንት ማታ በኩራዝ ለባለቤቴ አቀረብሁላት። ገና ዶሮዋ ላይ ስደርስ «ታዲያ ለምን በመጋቢት አያመጡላቸውም?» ብላ አቋረጠችኝ።