ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከልጆቻችን ጋር ቤታችን ልንውል አሰብን፤ እንግዶቻችንን ምን ብለን እንመልሳቸው?

ጠያቂዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልን፣ የተከበራችሁ ወገኖቼ። ምክር የምሻበት ጉዳይ ቢያጋጥመኝ ነው ይህን የምጽፈው። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ወደዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ትምህርት ቤት በፈረንጆች ገና በሚዘጋበት ሰሞን ሁለታችንም ሥራ ላይ ነን፤ እሱ የበዓሉ ገበያ እንዳያመልጠው፣ እኔም ለበዓል ቀን የሚታሰበውን ተጨማሪ ክፍያ እያየሁ፣ ልጆቹን በየተራ ለጎረቤት እየተውን እናሳልፈዋለን። ዘንድሮ ግን ከዲሴምበር 24 እስከ ጃንዋሪ 2 ፈቃድ ተሰጥቶኛል፤ ባለቤቴም መኪናውን አቁሞ ከእኛ ጋር ሊውል ቃል ገብቷል። የምመኘው የትም ሳንሄድ፣ ማንንም ሳንጠራ፣ ልጆቹ እስኪጠግቡ ተኝተው፣ ረፋዱ ላይ ቡና ተፈልቶ፣ ቆሎ እየቆረጠምን ስንጫወት እንድንውል ብቻ ነው። ትልቋ ልጄ የጀመረችው የፊደል ገበታ ማቀዝቀዣው በር ላይ እንደተለጠፈ አለ፤ በእርሳስ ያደረግነው ምልክት «ረ» ላይ ቆሟል፣ የወረቀቱም ጠርዝ በምድጃው እንፋሎት ተጠቅልሏል። ቢያንስ ያንን ገበታ በዚህ ዕረፍት ብንጨርሰው ደስ ይለኛል።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዲቪ ስንመጣ ለኤምባሲው የድጋፍ ቅጽ ሞልተው የላኩልን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብለው ራሳችንን እስክንችል ቤታቸው ያኖሩን የባለቤቴ የአጎት ልጅ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ደውለው፣ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ያን ሳምንት እኛ ዘንድ ሊያሳልፉ መወሰናቸውን ነገሩን። ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ነው። ጋሼን እንደ ታላቅ ወንድሜ አከብራቸዋለሁ፤ ውለታቸውም ተቆጥሮ አያልቅም። ባለቤቴ «አትምጡ የምልበት ፊት የለኝም» ይላል። ለእኔ ደግሞ የሚታየኝ፣ ሳምንቱ ሙሉ ከምጣድ ሳልነሳ አልፎ ደክሞኝ ወደ ሥራዬ መመለሴ ነው። ጋሼን ሳናስቀይም ምን ማለት እንችላለን?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። የእኛ ገና ረቡዕ ጃንዋሪ 7 ነው። ለዚያ ቀን ፈቃድ ብጠይቅ «የበዓል ዕረፍትሽን ወስደሻል» ተባልሁ። ልጆቹም በዚያ ቀን ትምህርት አላቸው። በዚህ በኩል የምታውቁት ካለ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ከአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)፣ የሦስት ልጆች እናት

እኅቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። እንዲህ ያለውን ነገር ሽማግሌ ልኮ ማስረዳትም ሆነ በመልእክት መጻፍ ነገሩን ያከብደዋል፤ ባለቤትሽ ራሱ ይደውልላቸው፤ ሲደውልም «አይመቸንም» ከማለት ይልቅ ሌላ ቀን ይዞ ይቅረብ። ዘንድሮ ጥምቀት ሰኞ ጃንዋሪ 19 ነው፤ ያ ቀን ደግሞ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ስለሆነ ትምህርት ቤትም የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ዝግ ነው። ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ሦስት ቀን አብራችሁ ትውላላችሁ፤ የገናው ጾምም ተፈቶ ስለሚሆን፣ ከጥምቀት ዋዜማ በቀር፣ ዶሮውን ሠርተሽ በደንብ ታስተናግጃቸዋለሽ፤ ታቦት ሲወጣም ልጆቻቸው ያያሉ። በጾም መጥተው ሽሮና ምስር ከሚበሉ ይህ እንደሚሻላቸው ባለቤትሽ በትሕትና ቢነግራቸው የሚቀየሙ አይመስለኝም።

ከፌርፋክስ (ቨርጂኒያ)፣ በሰው ኃይል አስተዳደር የሚሠራ

እኔ የምመልሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ጉዳይ መብታቸውን ሳያውቁ ስለሚጎዱ ዘርዘር አድርጌ ብጽፍ ቅር አትሰኙብኝ።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በግል ድርጅት ለምንሠራ ሰዎች፣ የፌዴራሉ የሥራ ሕግ አሠሪው በበዓል ቀን የሚከፈልበት ዕረፍት እንዲሰጥም ሆነ በበዓል ለሠራ ሰው ተጨማሪ እንዲከፍል አያስገድድም፤ ይህ የሚወሰነው በድርጅቱ መመሪያ ወይም በሠራተኛ ማኅበሩ ስምምነት ነው። የሃይማኖት በዓል ግን በሌላ ሕግ ይታያል። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛው ክፍል፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ ለሠራተኛው ሃይማኖታዊ ግዴታ ሁኔታዎችን እንዲያመቻች ያዛል፤ ነፃ የሚሆነው ሥራው ላይ ከባድ ጫና እንደሚያደርስ ሲያሳይ ብቻ ነው። ከ1977 ጀምሮ ፍርድ ቤቶች ትንሽ ወጪን ሳይቀር እንደ ጫና ይቆጥሩት ስለነበር ሕጉ ለሠራተኛው እምብዛም አይጠቅምም ነበር። በጁን 29 ቀን 2023 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ እሑድ ላለመሥራት በጠየቀው የፔንሲልቬንያ የፖስታ ሠራተኛ በግሮፍ ጉዳይ ላይ፣ ዳኞቹ ሁሉ ተስማምተው፣ አሠሪው ጥያቄውን ለመከልከል ከሥራው አንጻር ሲታይ በእርግጥም ከፍ ያለ ወጪ እንደሚያመጣበት ማሳየት አለበት ሲሉ ወሰኑ። «ሌሎቹ ሠራተኞች ሃይማኖትሽን አይወዱትም» ወይም «ያጉረመርማሉ» የሚለው ምክንያት አይበቃም።

ስለዚህ፣ እኅቴ፣ ጥያቄሽን በቃል አትተዪው። ለሰው ኃይል ክፍሉ በኢሜይል ጻፊ፤ የምትጠይቂው ተራ ፈቃድ ሳይሆን ለሃይማኖታዊ በዓል የሚደረግ ማመቻቸት መሆኑን በግልጽ አስቀምጪ። የገና ቅዳሴ የሚቀደሰው ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ሌሊት ስለሆነ፣ የጃንዋሪ 6ን የማታ ሺፍት ጭምር መጥቀስሽን አትርሺ፤ ብዙ ሰው 7ን ብቻ አስፈቅዶ ከሥራ ወጥቶ በእንቅልፍ እየተንገላታ ያስቀድሳል። ሺፍት ሊቀያየርሽ የሚፈቅድ የሥራ ባልደረባ ካገኘሽ ስሙን አብረሽ አቅርቢ፤ አሠሪው እምቢ የሚልበትን በር ይዘጋል። ቀኑ ያለ ክፍያ ሊሆን እንደሚችልም ከወዲሁ አስቢበት። የሕመም ፈቃድ ወስዶ ቅዳሴ መሄድን ግን ማንም ቢመክርሽ አትስሚው፤ በሐሰት የተሞላ ፈቃድ ከሥራ ያስባርራል። ከተከለከልሽ፣ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤት ለማለት የጊዜ ገደብ አለው፤ በፌዴራሉ ሕግ 180 ቀን ሲሆን እንደ ሜሪላንድ የራሳቸው ተቋም ባላቸው ግዛቶች 300 ቀን ይደርሳል።

የልጆቹ ነገር ቀላል ነው። በሜሪላንድ ለሃይማኖታዊ በዓል ከትምህርት ቤት መቅረት ሕጋዊ ቀሪ ሆኖ ይመዘገባል፤ ምክንያቱን ጽፈሽ መላክ ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ።

ከዱባይ

ሁላችሁንም ሰላም እላለሁ። እኔ በሰው ቤት ነው የምሠራው። ገና ለእኔ እንደማንኛውም ቀን ነው፤ ማለዳ ተነሥቼ የልጆቹን ቁርስ አቀርባለሁ። ቤተሰቦቼ ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ ግን ስልክ ይደውሉልኛል፤ እናቴ ምስል ማየቱን ስላልለመደችው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች፣ እኔ የማየው የነጠላዋን ጥለትና የጆሮ ጉትቻዋን ነው። ከኋላ የታናናሾቼ ጫጫታ፣ የሲኒው ድምፅ፣ «በጉ እንዲህ ነበር» የሚለው ወሬ ይሰማኛል። በጉን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ያም ደስ ይለኛል።

እኅቴ፣ ዕረፍት እንደሚያስፈልግሽ አምናለሁ፤ ሥራሽ ምን ያህል ወገብ እንደሚሰብር አውቀዋለሁ። ነገር ግን በራፍ አንኳኩቶ «እንደምን አላችሁ» ብሎ የሚገባ ዘመድ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር ሆኖ አይታየኝ። ያ ሰው በክፉ ቀን ቤቱን የከፈተላችሁ ከሆነ ደግሞ፣ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታችሁም ቢሆን ብትቀበሏቸው እላለሁ።

ከዳላስ (ቴክሳስ)

የዱባይዋ እኅታችን የጻፈችው ልቤን ነክቶታል። ቢሆንም ስለ ወጪው የተናገረ ሰው ስለሌለ እኔ ላንሣው። ጠያቂዋና ባለቤቷ ያን ሳምንት ሙሉ የሚተዉት ገቢ አለ፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ ከአገር ቤት ስልክ የማይደወልበት ቀን የለም። የቅርጫ መዋጮ፣ የበግ፣ የቅቤ፣ የልጆች ልብስ እየተባለ ይጠየቃል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ ብዙ ብር ያወጣል ብለን ነበር፤ የዕቃውም ዋጋ አብሮ ስለወጣ ለቤተሰቦቻችን ያን ያህል የተረፋቸው ነገር የለም። እኔና ባለቤቴ የምናደርገው፣ ኅዳር ሳይወጣ ተቀምጠን ለሁለቱም ወገን የምንልከውን አንድ ድምር ቆርጠን፣ ከታኅሣሥ 20 በፊት በባንክ ልከን፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ጥያቄ «ለጥምቀት እናያለን» ማለት ነው። በዚህ ላይ የአንድ ሳምንት መስተንግዶ ሲጨመር የጃንዋሪ የቤት ኪራይ ይናጋል። ይህን ለጋሼ በግልጽ መንገር ነውር አይመስለኝም፤ እርሳቸውም እዚሁ አገር የሚኖሩ ሰው ናቸውና ያውቁታል።

ከሎስ አንጀለስ፣ በዕድሜ የገፉ አባት

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ፈቃድና ስለ ገንዘብ ስትጽፉ አንብቤአለሁ። ዋናውን ነገር ግን ያነሣ ሰው አላየሁም። ዲሴምበር 25 በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ገብቷል። እንግዲህ በጾም መካከል ሥራ ፈትቶ፣ ዛፍ አቁሞ፣ ስጦታ ተለዋውጦ «በዓል ነው» ማለት ከየት የመጣ ልማድ ነው? እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ገና ሲደርስ ሜዳ ወጥተን ሩሩን (ኳሱን) በገና ዱላ ስንመታ፣ ትልቁም ትንሹም እየተጋፋ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ይመሻል። የዚህ አገር ልጆቻችን የሚያውቁት ገና የሱቅ ገና ነው። የዲሴምበሩን ሳምንት ሠርታችሁ፣ ዕረፍታችሁን ለጃንዋሪ 7 ብታደርጉት ለልጆቹ የምታስተምሩት ነገር ይኖራል። ዘንድሮ ረቡዕ ቢውልም በዓሉ ጾሙን ስለሚሽረው፣ ያን ቀን ቤት ውላችሁ አብራችሁ ትፈስካላችሁ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ የሦስት ልጆች እናት

አባቴ፣ ምክርዎን አከብራለሁ፤ ሆኖም እኅታችን ስለ ዛፍም ስለ ስጦታም አንድ ቃል አልጻፈችም። የጠየቀችው ልጆቿ ቤት በሚሆኑበት ሳምንት እሷም ቤት ለመሆን ነው። ያን ሳምንት የመረጠችው እሷ ሳትሆን ትምህርት ቤቱ ነው። በጃንዋሪ 7 ሳምንት ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ አንድ ቀን እንዲቀሩ ሊፈቀድ ይችላል፣ ሳምንት ግን አይፈቀድም። በጾሙ ሰሞን ቤት መዋል ደግሞ ጾም አያስፈታም፤ ሱፍ ፍትፍትና ሽሮ ሠርታ፣ ልጆቿን ፊደል ብታስቆጥር ከዚህ የበለጠ ምን የጾም ሥራ አለ?

ስለ ዛፉም ካነሡት፣ እኔ ቤት ይቆማል፤ አልደብቅዎትም። በአዲስ አበባም ለታኅሣሥ 29 ጥድ የሚያቆም ቤት ብዙ ነው። ልጆቼ «ለምን ሁለት ገና አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ የሁለቱ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት አሁን 13 ቀን እንደሆነ፣ ከ2100 በኋላ ደግሞ 14 እንደሚሆን፣ የሚከበረው ልደት ግን አንድ እንደሆነ አስረዳቸዋለሁ። ይህን ሰምተው ነው የሚያድጉት።

ከሚኒያፖሊስ (ሚኒሶታ)

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁትም ደሴ ነው፤ ስለ ጾሙ የምለው የለኝም። ነገር ግን የፌርፋክሱ ወንድማችን የጻፈው ሕግ ለዒድም የሚሠራ መሆኑን ማወቅ ለብዙዎቻችን ይጠቅማል፤ ዒድ በየዓመቱ ቀደም እያለ ስለሚውልና በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን፣ ቀኑ እርግጠኛ ካልሆነ ሁለቱንም ቀን በደብዳቤው ላይ መጥቀስ ጥሩ ነው። የዲሴምበሩ ሳምንት ለእኛ በዓል አይደለም፤ ቢሆንም በዓመት ውስጥ ሁላችንም በአንድ ገበታ የምንቀመጥበት ሳምንት እሱ ብቻ ስለሆነ እንጠብቀዋለን። አባታችን ይህንንም ቢያስቡበት።

ከሎስ አንጀለስ

ልጄ፣ ከደሴ የመጣ ሰው የጎረቤትን በዓል ማክበር እንደሚያውቅ አልጠራጠርም፤ አንተ ያልኸው ዕረፍት ነው፣ እሱን አልነቀፍሁም። የአሌክሳንድሪያዋ ልጄ ግን ከተማ ያደረገው ሁሉ ሥርዓት እንደማይሆን ትወቅ። ዛፉ ቤት ውስጥ ለሳምንታት እያበራ ልጁ የሚጠብቀው 25ን ነው፤ 7 ሲደርስ ስጦታው አልቋል፣ ልቡም ሌላ ጋ ነው። ይህን በልጅ ልጆቼ አይቼዋለሁ፤ እናታቸው ሌሊት ለቅዳሴ ስትቀሰቅሳቸው «ገና እኮ አልፏል» ነው ያሏት።

ከአሌክሳንድሪያ

ለዚያ መድኃኒቱ ስጦታውን ወደ 7 ማዛወር ነው፤ እኛ ቤት የሚደረገውም እንደዚያው ነው። ልጆቹን በሌሊት ለመቀስቀስም እናትየዋ በማግስቱ ሥራ የሌላት መሆን አለባት።

ጠያቂዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኢሜይሉን ጽፌ ጃንዋሪ 6 ማታንና 7ን ጠቅሼ ልኬዋለሁ፤ የጃንዋሪ 1ን ሺፍት እኔ ብሸፍንላት የእኔን ልትሸፍንልኝ የተስማማች አንዲት የፊሊፒንስ ሴት አግኝቻለሁ። እርግጥ ይህ ከዕረፍቱ አንድ ቀን ይወስድብኛል፤ ቢሆንም ለገና ሌሊት ብዬ ተቀብዬዋለሁ። የሰው ኃይል ክፍሉ መልስ ገና አልደረሰኝም።

ባለቤቴ ለጋሼ ደውሎ የጥምቀቱን ነገር አንሥቶላቸዋል። ጋሼ አልተቆጡም፤ ነገር ግን ባለቤታቸው ለልጆቹ ዋሽንግተንን ልታሳያቸው ቃል ገብታ ስለነበር «እስቲ ተመካክረን እንደውላለን» አሉት። ከዚያ ወዲህ አልደወሉም። ባለቤቴ በድጋሚ መደወል እንደ መገፋፋት ይቆጠርብናል ብሎ ይፈራል፤ እኔ ደግሞ ዝም ብንል እንደ እሺታ ይወሰድብናል ብዬ እሰጋለሁ። በዚህ ላይ የምትሉኝ ካለ አሁንም እጠብቃለሁ።

ከዱባይ

ባለቤትሽ ሳይሆን አንቺ ለሚስታቸው ደውዪላት፤ ሁለታችሁ ሴቶች ብታወሩት ነገሩ ይቀላል።