የ5 ሳምንት ልጅን ፕሮግራም ማስያዝ ይቻላል?

አዲስ እናት፦
ሰላም እናቶች፣ አባቶችም ካላችሁ። ልጄ 5 ሳምንት ሆናት። የመጀመሪያዬ ናት። በየ3 ሰዓቱ እንድትጠባ፣ በተወሰነ ሰዓት እንድትተኛ ብዬ ስልኬ ላይ መተግበሪያ ጭኜ የጠባችውን፣ የተኛችውን፣ ዳይፐር የቀየርኩበትን ሁሉ በደቂቃ እመዘግባለሁ። ትናንት ሊሞላ 40 ደቂቃ ሲቀረው ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ መጥባት ጀመረች። እኔ ደግሞ ሰዓቱ አልደረሰም ብዬ እያባበልኩ አቆየኋት። ሰዓቱ ሲደርስ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ ከማልቀሷ ብዛት ጡቱን መያዝ አቃታት። አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ በፊት የነበረውን ሳምንት ደግሞ እንደፈለገች ትሁን ብዬ ትቻት፣ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኝ ነበር። መሀል ላይ የሆነ ነገር የለም?

የሁለት ልጆች እናት፦
አይዞሽ እህቴ። በመጀመሪያ ያንን የ3 ሰዓት ነገር ተዪው። በዚህ ዕድሜ ጡት የሚጠባ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፣ እሱም ቢሆን እኩል ተከፋፍሎ አይመጣም። የኔዋ ትልቋ ቀን ላይ 3 ሰዓት ትቆይና አመሻሽ ላይ ከጡት አልወርድም ትል ነበር፤ ወተቴ ያለቀ መስሎኝ ስንት ተጨነቅኩ። ጣት መጥባቷ፣ ከንፈሯን መላሷ፣ ጉንጯን ስትነኪያት አፏን ከፍታ መዞሯ፣ ይሄ ሁሉ ራበኝ ማለቷ ነው። ለቅሶው የሚመጣው ይሄን ብላ ብላ ሰሚ ስታጣ ነው። ያኔ መጀመሪያ ደረትሽ ላይ አድርገሽ አረጋጊያት፣ ከዚያ ትይዘዋለች።

እኔን የጠቀመኝ ሰዓቱን ትቼ ቅደም ተከተሉን መያዜ ነው። ስትነቃ ትጠባለች፣ አስገሳታለሁ፣ ዳይፐሯን አያለሁ፣ ትንሽ እናወራለን (በዚህ ዕድሜ ጨዋታ ማለት የእናትን ፊት ማየት ነው)፣ ከዚያ እሹሩሩ። ዛሬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ብትጀምር፣ ነገ 2 ሰዓት ላይ፣ ምንም ችግር የለውም። እየጠባች እንቅልፍ ከወሰዳትም ይውሰዳት። ክብደቷ በደንብ እየጨመረ ከሆነና ሐኪም ቀስቅሰሽ አጥቢ ካላለሽ በቀር ሰዓት ሞላ ብለሽ አትረብሻት። ደግሞ የ5 ሳምንት ልጅ 1 ሰዓት ገደማ ነቅታ ከቆየች በቂዋ ነው። ማዛጋት ስትጀምር ወይም ፊቷን ካንቺ አዙራ ግድግዳ ላይ ስታፈጥ ሰለቸኋት አትበይ፣ ደክሟት ነው። ያቺን ሰዓት ካሳለፍሻት ማስተኛቱ ፈተና ነው።

አንድ አባት፦
ስለ ሌሊቱ እኔ ልበል፣ የሌሊቱ ተረኛ እኔ ስለነበርኩ። ጨቅላ ልጅ ቀንና ሌሊት የሚለይ የሰውነት ሰዓት ይዞ አይወለድም፤ እየያዘ የሚመጣው ከ2 እስከ 3 ወር አካባቢ ነው። እስከዚያ እኛ በብርሃን እናግዘዋለን። ጠዋት መጋረጃውን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ቀን ሲተኛም ቤቱ እንደወትሮው ይንጫጫ። ሌሊት ግን ደብዘዝ ያለ መብራት፣ ወሬ የለም፣ ዳይፐርም ካካ ካላለ ወይም በጣም ካልራሰ አይነካም።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አልነገረኝም። ልጄ ተኝቶ ያቃስታል፣ ይንፈራገጣል፣ ዓይኑን ሁሉ ገለጥ ያደርጋል። እኔ ነቃ ብዬ ላፍ አድርጌ አነሳውና የምቀሰቅሰው እኔው ነበርኩ። ያ የሕፃናት ቀላል እንቅልፍ ነው። እጃችሁን ደረቱ ላይ ጣል አድርጋችሁ ትንሽ ጠብቁ፣ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ጭልጥ ይላል። ምንጊዜም ግን በጀርባው፣ ጠንከር ባለና በተስተካከለ ፍራሽ ላይ፣ ትራስና ለስላሳ ነገር አጠገቡ ሳይኖር።

የመንታ እናት፦
እኔ ከሁላችሁም ትንሽ እለያለሁ። መንታ ላለው ሰው ሰዓት ያስፈልጋል። አንዷ ስትነቃ ሌላዋንም ቀስቅሼ ካላጠባሁ ቀኑ አያልቅም ነበር። ግን እኔም ቢሆን የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማታ ገላ፣ ልብስ፣ ጡት፣ መብራት ማጥፋት። ቀኑ የፈለገውን ይሁን፣ ይቺ አትቀየርም። ገላው በየቀኑ ባይሆንም ፊትና እጅ በሞቀ ፎጣ ማበስ ይበቃል።

አዲስ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ የምር። አንድ ልጨምር፣ አመሻሽ ላይ ጠብታም ተቀይሮላትም ዝም ብላ ታለቅሳለች። ፕሮግራሟ ስለተዛባ ነው?

የሁለት ልጆች እናት፦
አይደለም፣ ባንቺ ጥፋት አይደለም። ለቅሶ 6 ሳምንት አካባቢ ጫፍ ይደርስና ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ቀለል ይላል። አቅፈሽ ተንጎራደጂ፣ ሲደክምሽ ለሌላ ሰው ስጪያት፣ ሰው ከሌለ አልጋዋ ላይ አስተኝተሽ ጥቂት ደቂቃ ወጣ በይና ተንፍሺ። ትኩሳቷ 38 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጡት እንቢ ካለች ወይም ለቅሶዋ ከወትሮው የተለየ ከመሰለሽ ግን ነገ አትበይ፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት።

አዲስ እናት፦
እሺ። መተግበሪያውን አጠፋሁት። ይሄን እየጻፍኩ አፏን ከፍታ ክንዴን መፈለግ ጀምራለች፣ ልሂድ።