የሆድ ደም ስር ፕሮፖዛል፣ ሁለተኛ ረቂቅ (የምርመራ ማዕከላት የጋራ ግሩፕ)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ተለጥፏል። ቫስኩላይተስ (የደም ስር ግድግዳ የሚቆጣበት በሽታ) የተጠረጠረባቸው አቅም የሌላቸው ታካሚዎች ሲቲ አንጂዮ (የደም ስር ሲቲ ስካን) የሚነሱበት የጋራ ፈንድ ነው፣ ከየማዕከሉ በመዋጮ። እስከ አርብ።

ገንዘብ ያዥ፦ የአምናው መዋጮ ሳይሰበሰብ? አራት ማዕከል አልከፈለም፣ ስም አልጠራም ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የአራት ኪሎዋ፦ "የሆድ ደም ስር ቁጣ" ብሎ የጻፈው ማነው? ደም ስሩ ከማን ጋር ተጣልቶ ነው የተቆጣው? ብግነት በሉት

ሬዚደንቱ፦ ብግነት ስትባል እናቴ መግል የያዘ ነገር ነው የመሰላት

የአራት ኪሎዋ፦ ደም ስርም ልክ አይደለም፣ ከልብ ደም የሚያወጣው ደም ቅዳ ነው! ሰው ደም ስር ሲባል እግሩ ላይ ያበጠውን ነው የሚያስበው

የሰንጋ ተራው፦ ደም ቅዳ ከባዮሎጂ ደብተር ውጪ የት ሰምተሽ ታውቂያለሽ፣ በበሽታው ስም ታካያሱ ብለን እንለፍ በናታችሁ

የአራት ኪሎዋ፦ በሽታው የተሰየመበት ታካያሱ እ.ኤ.አ. በ1908 የጻፈው ስለ ዓይን ነው፣ የዓይን ሐኪም ነበር። ሆድ የት አለ?

ጸሐፊ፦ ገጽ 2ን ያነበበ አለ?

ሶኖ ክፍል፦ እኔ አንብቤዋለሁ። "መጀመሪያ ዶፕለር" (የደም ፍሰት የሚያሳየው አልትራሳውንድ) ይላል፣ አንገት ላይ እሺ፣ ሆድ ላይ ግን በጾም ሽሮና ባቄላ በልቶ የመጣ ሰው ጋዝ እንጂ አኦርታ (ትልቁ ደም ቅዳ) አይታይም፣ ለ6 ሰዓት ያህል ሳይበላ ይምጣ በሉ። ደግሞ ሁላችንም ጥበት ብቻ ነው የምንፈልገው፣ በሽታው ሲጀምር ግን መተላለፊያው ደህና ነው የሚወፍረው ግድግዳው ነው፣ እሱን ሳትለኩ "ኖርማል" ብላችሁ የሸኛችኋት ልጅ የኩላሊት ደም ቅዳዋ ጠቦ በ25 ዓመቷ ግፊቷ አልወርድ ብሎ ትመለሳለች። ለክትትል ደግሞ ኤምአርአይ ይግባ፣ ወጣት ሴት በየጊዜው ጨረር ስር አትጋደምም።

የሰንጋ ተራው፦ ደም ቅዳ አልክ 😂

የአራት ኪሎዋ፦ እኔ በቃል ጉዳይ ቀልድ አላውቅም፣ ስሜን ከኮሚቴው አውጡት

ሰብሳቢ፦ ኧረ ተረጋጉ። እህቴ ስምሽ አይወጣም።

ጸሐፊ፦ ለሲቲው ከሚወጋው ኮንትራስት (ማቅለሚያ) በፊት ክሬያቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) የግድ ነው፣ ወጪው ከየት ይምጣ? "ዋጋ አሰባስባለሁ" ያልከው ልጅ የት ገባህ?

ጸሐፊ፦ ሁለት ቀን ሆነ እኮ

ገንዘብ ያዥ፦ ፈንዱ አይቻልም፣ በግልጽ ልንገራችሁ። የግፊት መለኪያ ገዝተን አንድ ቅዳሜ መስቀል አደባባይ ሁለቱንም ክንድ እንለካ፣ በሁለቱ መካከል የ20 ሚ.ሜ. ሜርኩሪ ልዩነት ያለው ወደ ምርመራ ይላክ።

ሶኖ ክፍል፦ በማን ብር ነው የሚመረመረው? ፈንዱ ለሱ አልነበር እንዴ

ሰብሳቢ፦ ጥሩ ሃሳብ ነው፣ በሱ እንሂድ። ባነር ማን ያሠራል?

የአራት ኪሎዋ፦ እኔ። ጽሑፉን ግን ማንም አይነካብኝም

የሰንጋ ተራው፦ ቲሸርትም ይታሰብበት