የካርቱም ዲግሪዬን የሚያጸድቅልኝ ማነው?

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ

ሰላም ለሁላችሁ። ካርቱም ነርሲንግ ተምሬ እዚያው ሆስፒታል ስሠራ ነበር። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ በመተማ አድርጌ ገባሁ። የዲግሪውና የትራንስክሪፕቱ ኦርጅናል እጄ ላይ ነው። ለዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ብልክ ግን መልስ የለም።

አሁን ለገጣፎ እናቴ ጋ ነኝ። እዚሁ አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ «ዲግሪሽን ተቀብለናል፣ ሥራ ጀምሪ፣ ፈቃዱ ይደርሳል» ይለኛል። ደላላ ደግሞ ብር ክፈይና ላስጨርስልሽ አለኝ። ጎረቤታችን ሸገር ከተማ ስለሆንን ኦሮሚያ ነው የሚመለከተው ባይ ነው። ሥልጣኑ የማነው? ሙያዬን እወደዋለሁ፣ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ከብዶኛል።

መልስ፦ የመገናኛው

የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ድሮ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል የነበረው። ለደላላው አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪ!

መልስ፦ ነርስ ከአያት

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ገባሽ። ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው።

ባለሥልጣኑ የሚሰጥሽ አቻ ግምት ነው። የተማርሽበት ተቋም በአገሩ እውቅና ነበረው ወይ? ስንት ዓመት ተማርሽ? ምን ምን ኮርስ ወሰድሽ? በምን የ12ኛ ክፍል ውጤት ገባሽ? ይህን አይቶ ዲግሪሽ እዚህ ካለው ጋር እኩል መሆኑን ይወስናል። እዚያ ላይ ያበቃል። በዚያ ወረቀት መርፌ መውጋት አትችዪም።

በሽተኛ እንድትነኪ የሚፈቅድልሽ የጤናው ክፍል ነው። ውጭ የተማረ ሰው ጤና ሚኒስቴር ነው የሚሄደው፤ እነሱም አቻ ግምቱን ይጠይቁሻል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጪው። ለብቃት ምዘና ፈተናም ከአሁኑ አንብቢ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ እዚሁ የሚመረቁ ልጆችም ይፈተናሉ፣ አንቺን ለመጉዳት የመጣ አይደለም።

ጎረቤትሽም ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። ለገጣፎ ያለን ክሊኒክ የሚቆጣጠረው የኦሮሚያ ጤና መዋቅር ነው። ለቁጥጥር ሲመጡ የእያንዳንዱን ሠራተኛ የሙያ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ክሊኒኩ «ተቀብለናል» ያለሽ መቅጠር ስለፈለገ ነው። ዲግሪ የማጽደቅ ሥልጣን የለውም። አንድ በሽተኛ የወጋሽው መድኃኒት አልስማማ ቢለው፣ አያድርገውና ቢሞት፣ ያለፈቃድ የወጋሽው አንቺ ነሽ። ያ ሰው የእናትሽ ዕድሜ ሊሆን ይችላል። እባክሽ እንዳትጀምሪ። እስከዚያው ካርድ ክፍልም ቢሆን ሥራ ካላቸው ጠይቂያቸው።

መልስ፦ ከሱዳን ተመላሽ

የኔም የካርቱም ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከጦርነቱ በኋላ ሥራቸውን ወደ ፖርት ሱዳንና ካይሮ አዙረው ነበር። አብረውሽ የተመረቁትን ጠይቂ፣ የሚሠራውን አድራሻ ቶሎ የሚያገኙት እነሱ ናቸው። አዲስ አበባ ያለው የሱዳን ኤምባሲም ሂጂ። እዚያ ስትሠሪ የተመዘገብሽበት የነርስነት መታወቂያ ካለሽ አትጣዪው። በዐረብኛ ያለውን በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉሚ። የተርጓሚው ማኅተም ግን ለትርጉሙ ብቻ ነው፣ ዲግሪው ጸደቀ ማለት እንዳይመስልሽ።

መልስ፦ ከለገጣፎ (ጠያቂዋ)

እግዜር ይስጥልኝ። ለክሊኒኩ ፈቃዴን ሳልይዝ በሽተኛ አልነካም ብያቸዋለሁ። ነርስ ከአያት፣ ለፈተናው ምን ምን መጽሐፍ ላንብብ? እዚህ ያሉት ፕሮቶኮሎች ከሱዳኑ የሚለዩበትን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።