አንዱ ጎን ደረቅ፣ ሌላው ጎን እስከ ጉልበት፦ በረዶ ተራራ ላይ ለምን እኩል አይተኛም?

መንገደኛው

ሰላም ወገን። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ሚያዝያ ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ጠባብ ሸለቆ ይዘን ወጣን። ጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ዓይናችንን እየወጋችን ነበር። በግራችን ያለው ተዳፋት ደረቅ ነው፣ ሣሩ እንኳ ብቅ ብሏል። በቀኛችን ያለው በረዶ ግን እስከ ጉልበት ያሰምጣል። ከፍታው ያው ነው፤ ስልኬ ላይ አይቻለሁ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ደግሞ ባሰብኝ። ባዶ ድንጋይ! ከጫፉ ማዶ አሥር እርምጃ ወረድ ስንል ዱላዬ እስከ እጀታው ገባ። እኔ እስከዛሬ የማውቀው «ከፍ ባልክ ቁጥር በረዶው ይበዛል» የሚለውን ብቻ ነበር። ይኼ ነገር ሥርዓት አለው ወይስ ዝም ብሎ ዕድል ነው?

ደመናው

የምታውቀው ስህተት አይደለም። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ታች ዝናብ ሆኖ የወረደው ላይ በረዶ ይሆናል። የላዩ ደግሞ ዘግይቶ ይቀልጣል።

ግን ከፍታ ብቻውን አይበቃም፤ እርጥብ አየርም ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ቤከር ተራራ ላይ በ1998/99 የብርድ ወቅት ወደ 29 ሜትር የሚጠጋ በረዶ ወርዷል። ተራራው 3,286 ሜትር ነው፤ ልኬቱ የተወሰደው ግን ከግማሹ በታች ነው። ከፓስፊክ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራው ሲገጥመው ወደ ላይ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ የያዘውን እዚያው ያራግፋል። ወደ ተራሮቹ ማዶ የሚሻገረው ደረቁ ነው።

ቱቦ ተሸካሚው

ሥርዓትማ አለው ወንድሜ። ሁለት የብርድ ወቅት የበረዶ መለኪያ ቱቦ ተሸክሜ ስለዞርኩ ትንሽ ላውራህ።

መጀመሪያ ሸለቆህ። የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ከመታችሁ ወደ ምሥራቅ ነው የምትሄዱት። ስለዚህ የግራው ተዳፋት ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። በሰሜኑ የምድር ክፍል ፀሐይ በብርድ ወቅት በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ነው የምታልፈው፤ ያን ጎን ቀጥ ብላ ትመታዋለች፣ የቀኙን ጫር አድርጋው ነው የምታልፈው። በደቡቡ የምድር ክፍል ብትሆን ይገለበጥ ነበር። አንዴ አፈሩ ብቅ ካለ ደግሞ ነገሩ ይፋጠናል። አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶውንና ከዚያ በላይ ይመልሳል፤ ጥቁር አፈር ግን ይጠጣዋል፣ ይሞቃል፣ ዙሪያውን ይበላል።

የጫፉ ነገር የነፋስ ሥራ ነው። ነፋሱ ሸንተረሩ ላይ ሲደርስ ይፈጥናል፣ በረዶውን ጠርጎ ያነሳል። ጫፉን እንዳለፈ ጉልበቱ ይደክምና የያዘውን ይጥላል። ዱላህን የዋጠው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ክምር መሬት ለመሬት ሲንከባለል የደቀቀ ስለሆነ ጠጣር ነው፤ ቱቦውን ስንተክልበት እንጨት የምንበሳ ይመስለን ነበር።

(በእኛ ቋንቋ ከሰማይ ጠጠር ሆኖ የሚወርደውም፣ ከፍሪጅ የሚወጣውም፣ ይኼም «በረዶ» መሆኑ ይገርመኛል። አመዳይ የሚለውን ቃል ማን ረሳብን?)

ቱቦው አፉ ላይ ጥርስ አለው። እያዞርክ ትተክለዋለህ። ስታወጣው ጫፉ ላይ አፈር ካለ መሬት ነክተሃል ማለት ነው፤ አፈሩን ታራግፍና ከነበረዶው ሚዛን ላይ ትሰቅለዋለህ። ዘዴውን ያስለመደው ጄምስ ቸርች ይባላል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኔቫዳ ውስጥ ሮዝ ተራራ ላይ የሞከረው የላቲን መምህር ነው። አዎ፣ የላቲን! መመዘን ያስፈለገው ጥልቀት ስለሚያታልል ነው። 1 ሜትር አዲስ በረዶ ቢቀልጥ 10 ሳንቲሜትር ውሃ ቢወጣው ነው፤ ብዙ ጊዜ እሱንም አይሞላም። ፀደይ ላይ የተጠቀጠቀው 1 ሜትር ግን 40 ሳንቲሜትር ሊሰጥህ ይችላል።

አንድ ስህተታችንን ልናዘዝ። የመጀመሪያው ዓመት የለካነው በሙሉ ለእግር የሚመቸው ቦታ ላይ ነበር፤ ሜዳ፣ ከነፋስ የተጠለለ። ቁጥሩ ያምር ነበር። በሁለተኛው ዓመት ተዳፋቱ ላይ ወጥተን ስንለካ ብዙው ቦታ ከሜዳው ያነሰ ነው። አለቃችን ወረቀቱን አየና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ጥላ

ጫካውን ረሳችሁት። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ የሚወርደውን በረዶ ቅርንጫፉ ላይ ይይዘዋል፤ ከዚያ ከፊሉ ሳይቀልጥ በቀጥታ ተን ሆኖ ይሄዳል። ከሥሩ ያለው ስለዚህ ስስ ነው። ግን ብርድ በጠናበት አገር ጥላው ያቆየዋል። ብርዱ ለዘብ ባለበት ደግሞ ዛፉ ራሱ ሙቀት እየረጨ ቶሎ ያቀልጠዋል። ሁለቱንም አይቻለሁ።

ሳተላይትም ብዙ አይረዳህም መንገደኛው። ሞዲስ በሚባለው መሣሪያ የሚሠራው የታወቀ የበረዶ ካርታ አንዷ ነጥብ 500 ሜትር በ500 ሜትር ናት። ሸለቆህ ጠባብ ከሆነ ደረቁም ነጩም እዚያች አንዲት ነጥብ ውስጥ ነው የሚገባው።

መንገደኛው

እግዜር ይስጥልኝ! ሚያዝያ ላይ እንደገና ልሄድ ነው። ክምሩ ቦታ ይቀይር ይሆን?

ቱቦ ተሸካሚው

መጠኑ ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ ቦታው ግን ብዙም አይነቃነቅም። ተራራው ያው፣ አብዝቶ የሚነፍሰውም ነፋስ ያው። ጫፉ አካባቢ ያነሳኸው ፎቶ ካለህ ዛፎቹን እያቸው።

መንገደኛው

አሁን አየሁት። ጫፉ ሥር ሦስት አጫጭር ዛፎች አሉ። የሦስቱም ቅርንጫፍ በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ በሌላው ጎን ተላጭተዋል። ቅርንጫፎቹ የሚያመለክቱት ደግሞ ዱላዬ ወደገባበት ነው።