በነሐሴ ሕዝብ መሃል ማዳም ቱሶ፦ ከበርሚንግሃም ከሦስት ልጆችና ከዘራ ከሚይዙ እናት ጋር (ጥያቄና መልስ)

የሦስት ልጆች እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ቅዳሜ ነሐሴ 9 ከበርሚንግሃም ተነስተን ለንደን ውስጥ ያለውን የማዳም ቱሶ የሰም ሙዚየም ልናይ አስበናል። ስድስት ነን፤ እኔና ባለቤቴ፣ የ3፣ የ7 እና የ11 ዓመት ልጆች፣ ከአዲስ አበባ የመጡት እናቴ። እናቴ ከዘራ ይይዛሉ፤ ከ20 ደቂቃ በላይ መቆም ይከብዳቸዋል። ማታ እህቴ ጋ ለንደን ስለሚቀሩ አንድ ትልቅ ሻንጣ አብሮን አለ። ጾመ ፍልሰታ ስለሆነ ምግቡም ያሳስበኛል። ትኬቱን እንዴት ብንቆርጥ፣ በየት ብንገባ፣ ትንሹ ልጅ ምስሎቹን ቢፈራስ? የምታውቁ እርዱኝ።

ማሪልቦን

ከቀኑ ልጀምር፣ እህቴ። የእኛ ነሐሴ 9 በፈረንጆቹ ኦገስት 15 ነው። ትኬት ስትቆርጪ «ኦገስት 9» ብለሽ እንዳትመርጪ። ሰዓቱም ላይ እንዲሁ ተጠንቀቂ፤ ትኬቱ ላይ 11:00 የሚለው የእኛ ጠዋት 5 ሰዓት ነው። ለእናትሽ ስትነግሪያቸው በእኛ ቁጥር ንገሪያቸው፣ አለዚያ ሲዘገጃጁ ይምታታባቸዋል።

የትምህርት ቤት ዕረፍትና ቅዳሜ ስለተገጣጠሙ ሕዝቡ ብዙ ነው። ትኬቱ የመግቢያ ሰዓት አለው፤ ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ሰዓቱ ይለያያል፤ ቀድሞ በኢንተርኔት የገዛ በር ላይ ከሚገዛው ያነሰ ይከፍላል። ከሙዚየሙ ከራሱ ድረ ገጽ ግዢ። በፍለጋ ገጽ ላይ ከላይ የሚወጡት ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ የአሻሻጮች ናቸው፤ ቀን ለመለወጥ ብትፈልጊ ሙዚየሙ ወደ ሻጩ ይመልስሻል። የትንሹን ልጅ ዕድሜ በትክክል አስገቢ፤ ሕፃናት በነፃ የሚገቡበት የዕድሜ ጣሪያ ትኬቱ ገጽ ላይ አለ። ነፃ የሚገባ ልጅም ቢሆን በትዕዛዙ ውስጥ ይቆጠር፣ ምክንያቱም ለየሰዓቱ የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው።

ሌላም አስቢበት። ማዳም ቱሶ ከለንደን አይ (ቴምዝ ዳር ካለው ግዙፍ መንኮራኩር) ጋር የአንድ ኩባንያ፣ የመርሊን ነው። በርሚንግሃም ያለው የባሕር እንስሳት ማሳያ ሲ ላይፍ፣ ዋሪክ ቤተ መንግሥትና የመዝናኛ ፓርኩ አልተን ታወርስም የእሱው ናቸው። በዓመቱ ውስጥ ከእነዚህ ሁለቱን ሦስቱን የምትሄዱ ከሆነ የዓመቱን ፓስና የነጠላ ትኬቶቹን ድምር ወረቀት ላይ ጽፈሽ አወዳድሪ። ፓስ ያለውም ሰው ሰዓት መያዝ አለበት፤ ርካሹ ፓስ ደግሞ የማያስገባባቸው ቀኖች አሉት፤ የነሐሴ ቅዳሜ መግባቱን ሳታዪ አትግዢ።

የባቡሩ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው።

ከበርሚንግሃም ሙር ስትሪት ተነስቶ ለንደን ማሪልቦን ጣቢያ የሚደርሰውን ባቡር ያዙ። ጉዞው ሁለት ሰዓት ቢጎድል ትንሽ ነው። ማሪልቦን ከባቡሩ ወርዶ እስከ መንገዱ ድረስ ደረጃ የለበትም። ከዚያ በሜልኮም ስትሪት ወደ ቤከር ስትሪት፣ ከዚያም ወደ ማሪልቦን መንገድ ነው፤ በልጅ እርምጃ 10 ደቂቃ፣ በእናትሽ እርምጃ 15 ብላችሁ ያዙት። መንገዱ ሜዳ ነው። አንደርግራውንድ (የምድር ውስጥ ባቡር) ጭራሽ አያስፈልጋችሁም።

ለባቡሩ የቤተሰብና የወዳጆች ሬልካርድ አውጡ። ቢያንስ አንድ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ አብሮ ከተጓዘ ለአዋቂዎቹ ሲሶውን፣ ለልጆቹ 60 በመቶውን ይቀንሳል። አንድ ካርድ እስከ 4 አዋቂና 4 ልጅ ስለሚሸፍን እናትሽም ይገቡበታል። የ3 ዓመቱ ልጅ ትኬት አይጠየቅም። እንደናንተ ላለ ቤተሰብ የካርዱ ዋጋ ብዙ ጊዜ በዚያው ደርሶ መልስ ይመለሳል።

ዩስተን በኩል

የማሪልቦኑ ሐሳብ ሻንጣ ባይኖር ጥሩ ነበር። ሙዚየሙ ትልቅ ሻንጣ አያስገባም፣ ማስቀመጫም የለውም። ቀን የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው፤ ሻንጣ የያዘ ቤተሰብ ፍተሻው ጋ ደርሶ ይመለሳል፣ የመግቢያ ሰዓቱም ያልፍበታል።

ስለዚህ ዩስተን ወደሚባለው የለንደን ጣቢያ የሚመጣውን ባቡር ውሰዱ። ከበርሚንግሃም ኒው ስትሪት አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ዩስተን ውስጥ በክፍያ የሚሠራ የሻንጣ ማስቀመጫ ክፍል አለ። ሻንጣው በፍተሻ መሣሪያ ያልፋል፤ ወረፋውን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ መድቡለት። ማታ ስትመለሱም በዚያው በኩል ስለሆነ እናትሽ ሻንጣቸውን እዚያ ይቀበላሉ፤ እህትሽም እዚያው ትጠብቃቸው።

ከዩስተን ወደ ሙዚየሙ 18 ወይም 205 ቁጥር አውቶቡስ አለ። የሚወርዱት ቤከር ስትሪት ጣቢያ ከሚለው ፌርማታ ነው። በአንደርግራውንድ ከዩስተን ስኩዌር ሁለተኛው ፌርማታ ቢሆንም ቤከር ስትሪት ጣቢያ አሮጌ ነው፣ ደረጃው ብዙ ነው። ለከዘራ አውቶቡሱ ይሻላል፤ ለአረጋውያን ቅድሚያ የሚሰጥ መቀመጫ አለው፤ ሹፌሩን ስትጠይቁት ወለሉን ዝቅ ያደርጋል።

ክፍያው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የለንደን አውቶቡስ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። አንድ የባንክ ካርድ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለአንቺም ለእናትሽም አንዱን ካርድ ደጋግሞ ማስነካት አይሠራም። የአንቺ፣ የባለቤትሽና የእናትሽ ሦስት የተለያዩ ካርዶች ይሁኑ። በስልክ የምትከፍሉ ከሆነም ስልኩ ለብቻው እንደ አንድ ካርድ ነው፤ የመጀመሪያውን በስልክ፣ የመልሱን በካርድ አታድርጉ። የ3 እና የ7 ዓመቶቹ በነፃ ናቸው። የ11 ዓመቱ ግን ከፋይ ነው፤ በባንክ ካርድ ከነካ የአዋቂ ዋጋ ይቆረጥበታል። ኦይስተር ካርድ (የለንደን የትራንስፖርት መክፈያ ካርድ) ገዝታችሁ አንደርግራውንድ ጣቢያ ያለው ሠራተኛ የወጣት ጎብኚ ቅናሽ ቢጭንበት በግማሽ ይሄዳል፤ ለሁለት የአውቶቡስ ጉዞ ብቻ ከሆነ ግን ካርዱ ራሱ ስለሚሸጥ አያዋጣም።

ማሪልቦን

ልክ ነህ፣ ሻንጣውን ዘልዬው ነበር። በዩስተን ይሁን። እንግዲያው ሰዓቱ እንዲህ ይሁን፦ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከበርሚንግሃም መነሳት፣ 4 ሰዓት ገደማ ሻንጣውን አስረክቦ መጨረስ፣ የመግቢያ ትኬቱ 5 ሰዓት (በትኬቱ 11:00)። የ4 ሰዓቱን (በትኬቱ 10:00) ብትቆርጡ ባቡር ቢዘገይ ያመልጣችኋል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ውስጡ ይጨናነቃል።

አንቀልባ

ስለ እናትሽና ስለ ትንሹ ልጅ።

ውስጡ አንድ አቅጣጫ ያለው መንገድ ነው፤ ከክፍል ክፍል፣ ከፎቅ ፎቅ ይወስዳል፤ ወደ ኋላ መመለስ በሕዝቡ ምክንያት አስቸጋሪ ነው። በጥድፊያ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከልጅ ጋር ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በቂ መቀመጫ የለም። እናትሽ 20 ደቂቃ ብቻ ከቻሉ የሚታጠፍ ዊልቼር ይዛችሁ እንድትሄዱ እመክራለሁ። ግን ዝም ብላችሁ ይዛችሁ አትሂዱ። በእሳት አደጋ ጊዜ መውጫው እንዳይዘጋ ሙዚየሙ በአንድ ጊዜ የሚያስገባው የዊልቼር ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ደውለሽ ቦታ መኖሩን አረጋግጪ። የሙዚየሙ ሰዎች ሊፍቱን ያሳዩአችኋል።

የሕፃን ጋሪ ይዞ ውስጡን መዞር አይመችም፤ መግቢያው አካባቢ ነው የሚቀመጠው። የ3 ዓመት ልጅ ሁለት ሰዓት አይራመድም፤ ሲደክመው ይታቀፋል። አንቀልባ ካላችሁ ያዙ፤ ባለቤትሽ ቢያዝለው ደግሞ ልጁ ከሰው ትከሻ በላይ ሆኖ ያያል፣ ከታች የሰው እግር ብቻ ከሚታየው ይሻላል። የ7 ዓመቱ ልጅ ኪስ ውስጥ ስልክ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ክተቱ። ሕዝብ በበዛበት ክፍል ልጅ የሚጠፋው ፎቶ በሚነሳበት ቅጽበት ነው፤ አንዱ ፎቶ ሲያነሳ ሌላው ልጅ ይቁጠር።

ፍርሃቱን በተመለከተ፦ ልጆች የሚደነግጡት ሰው መስሎ የማይንቀሳቀስ ነገር ሲያዩ ነው። ከሳምንት በፊት የምስሎቹን ፎቶ በስልክ አሳዪው፣ «ይሄ ሰም ነው፣ እንደ ጧፍ» በዪው። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ ታላቁ ይጠጋ፣ ትንሹ ከርቀት ይይ። ቀርበህ ንካ ብሎ ማስገደድ ለቀሪው ክፍል ሁሉ ያስለቅሰዋል። የአስፈሪ ነገሮች ክፍል የሚባለውን፣ የወንጀለኞቹን፣ ለ3 እና ለ7 ዓመት ልጆች ዝለሉት። በሩ ጋ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሠራተኛውን ስትጠይቁ ሌላውን መንገድ ያሳያችኋል። የ11 ዓመቱ ማየት ከፈለገ ከአባቱ ጋር ይግባ፤ የምትገናኙበትን ቦታ ግን ሳትለያዩ ተነጋገሩ።

መጨረሻ አካባቢ በጥቁሩ የለንደን ታክሲ ቅርጽ በተሠሩ መቀመጫዎች የሚኬድበት የለንደን ታሪክ ማሳያ አለ። አጭር ነው፣ ተቀምጠው ስለሚያዩት እናትሽ ይወዱታል። ታክሲዎቹ እየተንቀሳቀሱ ስለሚሳፈሩባቸው ግን ከዘራ የያዙ ሰው እንዳሉ ሠራተኛውን ቀድማችሁ ንገሩት።

ሰም አንጣሪ

የ11 ዓመቱ ልጅ «እንዴት ነው የሚሠራው?» ማለቱ አይቀርም፤ ይህን ብታውቂለት ጉብኝቱ ይጣፍጣል።

ባለሙያዎቹ ምስሉ የሚሠራለትን ሰው አስቀምጠው ወደ 250 ያህል ልኬት ይወስዳሉ፣ ከየአቅጣጫው ፎቶ ያነሱታል። ከዚያ ጭንቅላቱ በሸክላ ጭቃ ይቀረጻል። በጭቃው ላይ የጂፕሰም ቅርጽ ማውጫ ይሠራበታል፤ ጭቃው ወጥቶ በቦታው የቀለጠ ሰም ይፈስሳል። እናትሽ የወርቅ አንጥረኛ ሥራ የሚያውቁ ከሆነ ወዲያው ይገባቸዋል፤ አንጥረኛው ሰሙን አቅልጦ አውጥቶ ወርቁን ያፈስሳል፣ እዚህ ደግሞ የሚቀረው ሰሙ ነው። ሰም ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ጭቃው ከሰውየው 2 በመቶ ያህል ተልቆ ይቀረጻል። ጸጉሩ በመርፌ አንድ በአንድ ይተከላል፤ እሱ ብቻ ሳምንታት ይፈጃል። የዓይኑ ነጭ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ቀጭን ቀይ የሐር ክር ናቸው። ልብስ የሚሸፍነው አካል ሰም አይደለም፣ ፋይበር ግላስ ነው። ልጁ የምስሉን የእጅ ጣቶችና አንገት ያስተውል፤ የባለሙያው ችሎታ እዚያ ላይ ይታያል።

ሰም የተመረጠው ብርሃን ትንሽ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ነው። የሰው ቆዳም እንዲሁ ነው፤ ጂፕሰም ወይም እንጨት ግን ብርሃኑን ከላይ ብቻ ይመልሳል፣ ስለዚህ የሞተ ይመስላል።

ማዳም ቱሶ ራሷ በ1761 ስትራስቡርግ የተወለደች ማሪ የምትባል ሴት ናት፤ ሙያውን የተማረችው ኩርቲየስ ከሚባል ሐኪም ነው። በ1802 ሥራዎቿን ይዛ ወደ ብሪታንያ ተሻገረች፤ ከተማ ለከተማ ስታሳይ ኖራ በ1835 ቤከር ስትሪት ላይ ረጋች። ሙዚየሙ አሁን ወዳለበት ማሪልቦን መንገድ የተዛወረው ከሞተች በኋላ በ1884 ነው፤ በ1925 ደግሞ እሳት በላው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ካሜራ በእጄ

ፎቶ ለማንሳት አይከለከልም፤ ምስሎቹም በገመድ አልታጠሩም። ሁለት ነገር ብቻ ልናገር። አንደኛ፣ ፍላሽ አጥፉ። ፍላሽ ሲያርፍበት ሰሙ ግንባሩና አፍንጫው ላይ ያብለጨልጫል፣ ያኔ አሻንጉሊት መሆኑ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ምስሉ ዓይኑን ወደ አንድ ቦታ ብቻ ተክሏል፤ ያ ቦታ የት እንደሆነ ፈልጋችሁ ስልኩን በዚያ መስመር፣ በምስሉ ዓይን ቁመት ያዙ። ልጆቹም ወደዚያው ይዩ። ልጁን ከምስሉ በስተፊት ካቆማችሁት ልጁ ገዝፎ ምስሉ ያንሳል፤ ትከሻ ለትከሻ ይቁሙ።

መብራቱ ባለቀለምና ደብዛዛ ነው። ስልኩ ነጩን የምስል ፊት አይቶ የእኛን ልጆች ፊት ያጠቁራል፤ ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የልጁን ፊት ንኩና ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጉ። የሙዚየሙ ፎቶ አንሺዎች የሚያነሱትን መውጫው ላይ ይሸጡላችኋል፤ መግዛት ግዴታ አይደለም።

የሦስት ልጆች እናት

ስለ ዊልቼሩ ሰኞ እደውላለሁ፣ በዩስተን እንሄዳለን። የቀረኝ ምሳው ነው። እናቴ በጾሙ አይደራደሩም። ቅዳሜ ስለሆነ ሰዓት አንጠብቅም፣ ግን ወተትና ቅቤ የነካው አይሆንም።

አንቀልባ

ከቤት ያዙ። ሽሮ ፍትፍት በፕላስቲክ ዕቃ፣ ለልጆቹ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሙዝ። ሙዚየሙ ውስጥ አትብሉት፤ ስትወጡ ከጀርባው ሪጀንትስ ፓርክ አለ፣ በዮርክ ጌት በኩል 5 ደቂቃ ቢሆን ነው። ሣሩ ላይ መቀመጥ ለእናትሽ ይከብዳቸዋል፣ አግዳሚ ወንበር ያዙ። የማሪልቦን ግሪን የልጆች መጫወቻም እዚያው አጠገብ ስለሆነ ልጆቹ ሲሮጡ እሳቸው ያርፋሉ።

ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለበትን ፈልጉ። «ቬጂቴሪያን» የሚለው አይበቃም፤ እንቁላል፣ ወተትና አይብ ሊኖርበት ይችላል። ማስታወሻ ጽሑፉ ላይ «ወተት ሊነካው ይችላል» የሚለው ለአለርጂ ሰዎች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ እንጂ ወተት ተጨምሮበታል ማለት አይደለም፤ እናትሽ ግን እሱንም አልፈልግም ካሉ ፍራፍሬና ተራ የተጠበሰ ድንች ይበቃል።

ዩስተን በኩል

ለመልሱ ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ትርፍ ጊዜ ተዉ እንጂ በጠበበ ሰዓት የታሰረ ርካሽ ትኬት አትግዙ። ሻንጣ ማስቀመጫው የሚዘጋበትን ሰዓት ጠዋት ስታስረክቡ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለእህትሽም ላኩላት።